ከጠቡ በኋላ ያለው አሥር ደቂቃ

ወርቂቱ በዚያ ሐሙስ ማታ ከሥራ ገብታ የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች «እማዬ እንዴት ናት? አነጋገርካት?» ብላ ወንድሟን ስትጠይቀው፣ እናታቸው መሞቷን ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር?

ሰርፀ ይህን ጥያቄ ስምንት ወር ሙሉ ሲያገላብጠው ኖሯል፤ መልስ አላገኘለትም። ሳታውቅ ጠይቃው ከሆነ፣ እሱ ያደረገው አበሻ ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ የመርዶው ሰዓት እስኪደርስ ደብቋል። አውቃ ከሆነ ግን ዕድል እየሰጠችው ነበር ማለት ነው። እሱም «ደህና ናት፤ ትናንት ደውዬላት ሳቅ በሳቅ ሆና ነው ያወራችኝ» አላት። ደህና ናት በል ያሉት ሰዎች ነበሩ። ሳቅ በሳቅ የሚለውን ግን ማንም አላዘዘውም፤ ራሱ ነው የጨመረው።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ወርቂቱ ለሰርፀ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። የሚኖሩት ግን በአንድ ቤት ነው፤ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል፣ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ፤ ሁለት መኝታ፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ። ውሉን የፈረሙት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ከዚያ የወጣ ሰው ዛሬ በዚያ ኪራይ የመኪና ማቆሚያ እንኳ አያገኝም። ስለዚህ ማንም አልወጣም። በኮሪደሩ ሲተላለፉ እሷ ትከሻዋን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች። ሰርፀ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በቫን ያመላልሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። ማታ ግን የሚፈልገው ከአንድ ሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ስድብም ቢሆን።

ወርቂቱ ታላቁ ናት፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ። ጉለሌ ነው ተወልደው ያደጉት። ሰርፀ አሥራ ስድስት ሲሞላው ወጣቱ ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚላክበት ጊዜ ስለነበር፣ እጁን ይዛ በመተማ በኩል ሱዳን ያስገባችው እሷ ናት። ካርቱም አምስት ዓመት የሰው ቤት አጸዳች፤ ወባ ሲጥለው አዝላ ሐኪም ቤት ወሰደችው። አሜሪካ ሲገቡም ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፈች፤ ከዚያ ካስትሮ ቫሊ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራች። እዚያ እጇ ላይ ያረፉት ሰዎች ሠላሳ አንድ ናቸው፤ የሁሉንም ስም በቃሏ ትወጣዋለች። አላገባችም። ለምን ብሎ ለጠየቃት ሁሉ «ወንድሜን ማን ያሳድገው?» ነበር መልሷ፤ ወንድሟ ሃምሳ ሲደፍንም መልሱን አልቀየረችም።

ሠላሳ አንደኛዋ አሮጊት ባረፉ ማግሥት ሥራዋን ለቀቀች። «ከእንግዲህ ሰው ሲሞት ማየት አልፈልግም» አለች። ከኤል ሴሪቶ አለፍ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሦስት ዶልፊኖች የሚኖሩበት አነስተኛ ማዕከል ዓሣ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልግ ነበርና እዚያ ገባች። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገብታ በረዶ የሆነውን ዓሣ በቀዝቃዛ ውኃ ታፍታታለች፤ ሆዱ የተቀደደውን እየለየች ትጥላለች፤ የቀረውን ለየዶልፊኑ መዝና በየባልዲው ታደርጋለች። እጇ ሽታውን አይለቅም። በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አጠገቧ የቆሙት ሴቶች አፍንጫቸውን ያዞራሉ። አንዷ አንድ ቀን፣

«ወርቂቱ፣ በሁዳዴ ዓሣ ብዪ ያለሽ የትኛው አባት ነው?» አለቻት።

«አባት አይደለም፣ ማናጀሬ ነው» አለች ወርቂቱ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሁለቱም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሲስቁ ቆዩ።

ሦስቱ ዶልፊኖች የእንግሊዝኛ ስም ነበራቸው፤ እሷ ግን አልተጠቀመችበትም። ትልቋን ሴት እሜቴ፣ ወንዱን ጉልቤ፣ ትንሿን ሙሽራዬ አለቻቸው። እዚያ የዶልፊኖችን ጠባይ የምታጠና ሊሊ የምትባል ልጅ አለች። ሳን ሆዜ የተወለደች የአበሻ ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል። ዓሣ አዘጋጇ ሦስቱን በጠባሳቸው ብቻ እንደምትለያቸው ስታይ ፎርም ሰጠቻት።

የፎርሙ ነገር እንዲህ ነው። ዶልፊኖቹ ሲጣሉ፣ ማለትም አንዱ ሌላውን ሲያሳድድ፣ መንጋጋውን ሲያጋጭበት ወይም በጥርሱ ሲልጠው፣ ወርቂቱ ሰዓት ትይዛለች። ከጠቡ በኋላ አሥር ደቂቃ በመስኮቱ ታያለች። ማን ወደ ማን መጣ? ጎን ለጎን ዋኙ? ክንፍ ለክንፍ ተሻሹ? ሦስተኛዋ ወደ ተነከሰችው ሄደች? በማግሥቱም በዚያው ሰዓት፣ ጠብ በሌለበት፣ ሌላ አሥር ደቂቃ ታያለች። ያለጠብም እንዲያው የሚሻሹ ከሆነ የትናንቱን ዕርቅ ነው ማለት አይቻልማ።

ማታ ማታ የጎረቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ለሰርፀ ትነግረው ነበር።

«ጉልቤ ዛሬ እሜቴን ጎኗን ላጣት። አራት መስመር፣ ልክ በሹካ እንደተጫረ።»

«ምን አድርጋው?»

«ፎርሙ ላይ ‹ምን አድርጋው› የሚል የለም።»

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?»

«እኔማ ቀናተኛ ነው እላለሁ። ሊሊን ብላት ‹አንቲ፣ ፕሊስ፣ እንደሱ አትጻፊ› አለችኝ።» ከዚያ «ባሕር ቢሆን እኮ የተነከሰችው ራቅ ብላ ትሄዳለች። እዚህ የት ትሂድ? ዞራ ዞራ ያው እሱ ጋ ነው የምትደርሰው። ወይ ቶሎ ይታረቃሉ፣ ወይ ይብስባቸዋል» ትለዋለች።

እናታቸው አዲስ አበባ ያረፈችው ማክሰኞ ነው። ስልኩ የተደወለው ለሰርፀ ነበር። እሱም ወዲያው ሳን ሆዜ ለሚኖሩት ለጋሽ ጌታቸው ደወለ። ጋሽ ጌታቸው ዘመድ አይደሉም፤ ግን ካርቱም ዳቦ ቤታቸው ጓሮ እህትና ወንድሙን ያስጠለሉ፣ ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ነገር የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለኩላሊት እጥበት ይሄዳሉ።

«ለሷ ትንፍሽ እንዳትል» አሉት። «በሥራ ቀን መርዶ አይነገርም። መኪና ትነዳለች፣ ብቻዋን ውኃ ዳር ነው የምትውለው። ዓርብን ልታጠብና ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስቤ እመጣለሁ።»

«እስከዚያ ብትሰማስ ጋሼ?»

«እንዳትሰማ ማድረግ ያንተ ሥራ ነው።»

ሥራውንም ሠራው። የኢንተርኔቱን ሳጥን ገመድ ነቅሎ ተበላሸ አላት። ለሚደውል ዘመድ ሁሉ ቀድሞ እየደወለ አስጠነቀቀ። ሐሙስ ማታ ያችን ጥያቄ ጠየቀችው፤ ያን መልስ መለሰላት። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰው ጥቁር ለብሶ ደረጃውን በቀስታ ሲወጣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወርቂቱ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠፍንጋ፣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ግቡ» አለች። «ወንበር አይበቃም።»

አላለቀሰችም። የመጡት አለቀሱ፣ እሷ ሶፍት እያነሣች አደለቻቸው። ከስንት ቀን በፊት እንደሰማች፣ ከማን እንደሰማች የጠየቃት ሁሉ መልስ አላገኘም።

አርባው ካለፈ በኋላ ጋሽ ጌታቸው ሽማግሌ ሆነው መጡ፤ ከሁለት ሰዎች ጋር። ሰርፀ ተነሥቶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«ወርቂቱ ልጄ፣ ወንድምሽ ያጠፋው በክፋት አይደለም» አሉ ጋሽ ጌታቸው።

«ጋሽ ጌታቸው፣ ያስደበቁት እርስዎ፣ የሚያስታርቁት እርስዎ?»

«እኔማ ላንቺው ብዬ...»

«እሺ፣ ሌላ ሰው ያምጡልኝ። ከመካከላችሁ ማክሰኞ ዕለት ያልሰማ ማን ነው? እሱ ይሸምግለኝ።»

እንደዚያ ያለ ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዕድሩ፣ ታች ያለው ልብስ አጣቢው ሳይቀር ሰምቶ ነበር።

በአምስተኛው ወር ሰርፀ አንድ የዕረፍት ቀኑን ጠብቆ፣ እሷ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ማዕከሉ ሄደ። ትኬት ቆርጦ እንደማንኛውም ጎብኚ ገባ። ከውኃው ወለል በታች ያለው ትልቁ መስታወት ፊት ሲቆም ሊሊ አየችው።

«የአንቲ ወርቂቱ ብራዘር ነህ አይደል? ጋሼ ሰርፀ? ፊታችሁ ሴም ነው።»

«አዎ። እንዳትነግሪያት።»

ልጅቱ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ አልደብቅም» አለችው በተሰባበረ አማርኛ። «ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ።»

ገና አፉን ከመክፈቱ ውኃው ተናወጠ። ጉልቤ ከታች ተወርውሮ እሜቴን አሳደዳት። በር እንደሚያላትሙት ያለ ድምፅ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ መጣ፤ መንጋጋው ነው። እሜቴ ገንዳውን ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ጥግ ያዘች። ጎኗ ላይ ነጫጭ መስመሮች ወጡ። ሊሊ ሰዓት ያዘች።

ሰርፀም ቆሞ አየ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ጉልቤ በወዲያኛው ጫፍ ብቻውን ይዞራል። በአራተኛው ደቂቃ ሙሽራዬ መጥታ እሜቴ ጎን ሆነች፤ አብረው ቀስ ብለው መዋኘት ጀመሩ። በስምንተኛው ደቂቃ ጉልቤ መጣ። ከፊት አይደለም የመጣው፤ ከጎን፣ እየቀዘፈ ሳይሆን እየተንሳፈፈ፣ ክንፉን ዘርግቶ የእሷን ክንፍ ነካ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ነካ። እሜቴ አልሸሸችም።

«ሁልጊዜ የነከሰው ነው የሚመጣው?»

«ኖት ኦልዌይስ። አንዳንዴ የተነከሰችው ትመጣለች። አንዳንዴ ማንም አይመጣም።»

«ሲመጣ ምንድን ነው የሚያደርገው?»

«ናቲንግ። አጠገቧ ይዋኛል።»

«ካልታረቁስ?»

«እንደገና ይጣላሉ። በጣም ከሆነ የገንዳውን ጌት ዘግተን እንለያቸዋለን። እሱ ደግሞ ጥሩ አይደለም፤ የተለየው መብላት ያቆማል።»

ከዚያ ሊሊ ቢሮዋ ገብታ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። እንዲያነብላት ስትጠይቀው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ፎርሙ አሥር ደቂቃ ይላል፤ በዚህ ቀን ግን ወርቂቱ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ከሃያ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ግርጌው ላይ በአማርኛ የጻፈችው ነገር አለ፤ ሊሊ ፊደል አታውቅም፤ ምንድን ነው ብትላት «ምንም» ብላታለች።

ሰርፀ ቀኑን አየ። ያ ሐሙስ ነው።

«ምን ይላል?» አለች ሊሊ።

«ማንም አልመጣም ይላል።»

«ኦ። ስለ ዶልፊኖቹ ነው፤ ጥሩ ዳታ ነው» አለችና ወረቀቱን ወሰደች። ሰርፀ ግን ለረጅም ጊዜ መኪናው ውስጥ ሞተር ሳያስነሣ ተቀመጠ። ዶልፊኖቹ በዚያ ቀን ተጣልተው ነበር፤ ፎርሙ ይመሰክራል። ሁለት ሰዓት ከሃያ መቆም ግን የዶልፊን ጉዳይ ይሁን የሌላ፣ ፎርሙ አይልም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር ጀመረ። ይቅርታ መጠየቁን ተወ። እሷ ማታ ወጥ ቤት ስትበላ እሱም ሰሐኑን ይዞ ይመጣና ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ፣ ፊት ለፊቷ ሳይሆን በጎን በኩል ይቀመጣል። አይናገርም። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሐኗን አንሥታ ሄደች። በሁለተኛው ወር ጎርሳ ጨርሳ ነው የምትነሣው። በሦስተኛው ወር አንድ ማታ ከበላች በኋላ ሳትነሣ ቆየች፤ ሰርፀ የግድግዳውን ሰዓት በዓይኑ ጥግ አየ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ተቀምጣለች። ያን ሌሊት ደስታው እንቅልፍ ነሣው። ልታናግረኝ ትንሽ ቀን ብቻ ነው የቀራት ብሎ አሰበ።

ከሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ማታ፣ ከሳን ሆዜ ተደወለለት። የጋሽ ጌታቸው ባለቤት እትዬ እጅጋየሁ ናቸው፤ ጋራዥ ውስጥ ተደብቀው ነው የሚያወሩት።

«ግሩም ሞቷል» አሉት።

ግሩም ጋሽ ጌታቸው ከመጀመሪያ ሚስታቸው የወለዱት አንድ ልጃቸው ነው፤ አዲስ አበባ ይኖር ነበር፤ መኪና ገጭቶት ነው።

«ጌታቸው ዛሬ ታጥቦ ደክሞት ተኝቷል። ዓርብንም ይታጠብ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናረዳዋለን። አንተም ከሚገቡት አንዱ ነህ። እስከዚያ ግን...»

«ገባኝ እትዬ» አለ ሰርፀ። ምን ይበል?

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወርቂቱ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የግሩም ፎቶ ነው፤ ከጎኑ የበራ ሻማ ሥዕል፣ ከሥሩ የነፍስ ይማር መዓት። ጣቷን ወደ ሰርፀ ቀሰረች፤ ታውቅ ነበር ወይ ማለቷ ነው።

«አዎ» አላት። «ከትናንት ጀምሮ።»

አፍጥጣ አየችው።

«እታለም፣ ነገ ዲያሊሲስ አለባቸው። ዛሬ ከሰሙ አይሄዱም። ታውቂያቸዋለሽ፤ ልባቸውም ደካማ ነው። ቅዳሜ እኮ ከነገ ወዲያ ነው።»

ወርቂቱ ወደ መኝታዋ ገባች። ስትወጣ ጥቁር ለብሳለች። በር ከፍታ ደረጃውን ወረደች። ሰርፀ በመስኮት ሲያይ አሮጌ ቶዮታው ጎን፣ የተሳፋሪው በር ላይ፣ እጇን አድርጋ ቆማለች። የሷ መኪና እዚያው ከኋላዋ ቆሟል። ራሷ ነድታ መሄድ ትችል ነበር።

በስምንት ወር ውስጥ እሷ ወደ እሱ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አልወስድሽም ቢላት በራሷ መኪና ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ መቃብር አታናግረውም። ከወሰዳት ደግሞ የሚሆነውን ያውቃል። መስኮቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቁልፉን አነሣ።

እስከ ሳን ሆዜ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። አልተነጋገሩም።

በሩን የከፈቱላቸው እትዬ እጅጋየሁ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ዓይናቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ሲያጥቡ ነው የዋሉት፤ ጥቁር ልብሱን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ወርቂቱ፣ በማርያም» አሉ በሹክሹክታ። ወርቂቱ አልፋቸው ገባች። ጋሽ ጌታቸው ሶፋው ላይ እግራቸውን ሰቅለው ቴሌቪዥን ያያሉ።

«ወርቂቱ! በስንት ዘመንሽ!» ብለው ፊታቸው በራ። ሊታረቅ የመጣ ሰው መስሏቸው ነበር።

«ጋሽ ጌታቸው፣ ግሩም አርፏል» አለቻቸው። «ትናንት ነው። መኪና ነው።»

እሳቸው ሪሞቱን አንሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ፤ ከዚያ ነው የጮኹት። ወርቂቱ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ሁለቱንም እጃቸውን ይዛ አብራቸው አለቀሰች፤ ለእናቷ ያላለቀሰችውን ሁሉ። ቆይተው ሲረጋጉ ጭንቅላቷን ዳሰሷት።

«እኔ አራት ቀን አስቀመጥኩብሽ» አሏት። «አንቺ አላሳደርሽብኝም። ልጄ፣ በድዬሽ ነበር።»

ሰርፀ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሰማው። ለአንዲት ቅጽበት ትክክል እንደሠራ ተሰማው።

ዓርብ ገና ሳይነጋ ለቀስተኛው ቤቱን ሞላ። በሁለት ሰዓት የዲያሊሲሱ መኪና መጥቶ በሩ ላይ ጡሩንባ ነፋ። ጋሽ ጌታቸው ፍራሻቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ልጄ አፈር ሳይገባ እኔ ወንበር ላይ ተንጋልዬ ደሜን ላሳጥብ?»

«ጌታቸው፣ አራት ሰዓት እኮ ነው፤ ትመለሳለህ» አሉ እትዬ እጅጋየሁ።

«ሰው እየመጣ? ለቀስተኛ በራፌ ቆሞ? ሂድ በሉት።»

መኪናው ሄደ። የእጥበት ማዕከሉ ለቅዳሜ ሌላ ቀጠሮ ሰጠ፤ እሳቸው ግን ሰልስቱ ይውጣ ብለው እምቢ አሉ። ወርቂቱ ከቤቱ አልወጣችም። ቀን ዕቃ ታጥባለች፣ ሌሊት ከአጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እግራቸው ሲያብጥ አየች፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራችበት ነገር ነው፤ ገባት። በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ተንበርክካ ጉልበታቸውን ይዛ ለመነቻቸው።

«ጋሽ ጌታቸው፣ ለኔ ሲሉ። እኔ ነኝ የነገርኩዎት፤ በኔ አያድርጉት።»

«ደግ አደረግሽ» አሏት። «ነገ ብቻ ልቀመጥ። ሰኞ እሄዳለሁ።»

ሰርፀ ሥራ እየዋለ ማታ ማታ ይመጣል። አንድ ጊዜ ስኒ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ከስምንት ወር ወዲህ እንዲህ አይታው አታውቅም፤ በቁጣ አልነበረም። እሱም አስተያየቷን ፈራው።

እሑድ አመሻሹ ላይ ጋሽ ጌታቸው አየር አጠራቸው። አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል ያደረጉላቸውን ሁሉ አደረጉላቸው፤ ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ልባቸው ቆመ። ሐኪሙ እትዬ እጅጋየሁን ሊያናግር ሲመጣ ከኋላቸው የቆሙት አበሾች እንደ ልማዳቸው ሊደግፏቸው ከበቧቸው፤ እሳቸው ግን ቀድመው ከፊቱ አንብበውት ነበር። መርዶ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ሁሉም እዚያው ነው።

እትዬ እጅጋየሁ ከመሄዳቸው በፊት ወርቂቱ ፊት ቆሙ። ሰርፀ ይመቷታል ብሎ ነበር የጠበቀው። «ሂጂ፣ ተኚ» ብቻ አሏት፤ እሷን ሳያዩ። ተመለሺ አላሏትም።

ቀብሩን፣ ወረቀቱን፣ የሚደወልለትን ሰው ሲያዘገጃጁ ቆይተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እህትና ወንድም መኪና ውስጥ ገቡ። ወርቂቱ ከሐሙስ ወዲህ አንድ ሰዓት ቀጥ አድርጋ አልተኛችም። አውራ ጎዳናው ጭር ብሏል፤ ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ይፋጃል። ሚልፒታስ አጠገብ ሲደርሱ፣

«ሰርፀ» አለች።

መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «አቤት እታለም።»

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ስምንት ወር ሙሉ ለዚህ ሰዓት የሚለውን ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ አንዱም አልመጣለትም።

«የነዳሁት እኔ ነኝ» አላት።

የጭነት መኪና አለፋቸው። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች።

«እንደማይታጠቡ ታውቅ ነበር። ነግረኸኛል።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወሰድከኝ?»

ይህንን ሊዋሽበት ይችል ነበር። ለርሳቸው እውነት ይገባቸዋል ብዬ ነው ማለት ይችል ነበር፤ ግማሹም እውነት ነው።

«እንድታናግሪኝ» አላት።

ወርቂቱ ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከጎን ፊቱን፣ የሸበተ ጢሙን፣ መሪውን የያዘበትን እጁን አየች። ከዚያ ወደ መንገዱ ተመለሰች።

«ይኸው» አለች፤ «አናገርኩህ።»

ትንሽ ቆይታ የወንበሯን ጎን በእጇ ትዳስስ ጀመር።

«ይሄ ወደ ኋላ አይልም?»

«ከበሩ በኩል እጀታ አለው። ወደ ላይ ሳቢው።»

ሳበችው፤ ተንጋለለች፤ ጥቁር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሰርፀ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ የቀኙን መስመር ይዞ መንዳት ጀመረ። ፍሪሞንትን ሲያልፉ ነጠላው ከትንፋሿ ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ፎርም እንደሚሞላ ሰው ሰዓቱን አየ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ከአምስት ይላል።